በሽምብራ የተጫወትነው ፖከር

ባለፈው እሁድ የልጄ ባል ላንጋኖ ወስዶኝ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል በረንዳ ላይ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ አራት ጎረምሶች ካርታ ይጫወታሉ። ድንገት አንደኛው የገዛ ግንባሩን በቡጢ መታ። ለቀልድ የሚመታ አመታት አልነበረም፤ አጥንት በአጥንት ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ ነው። «ደደብ! እኔ እኮ ሰው አይደለሁም!» አለ። ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔ ግን ክው ብዬ ሻዩን ጭኔ ላይ ደፋሁት። የልጄ ባል ደንግጦ ተነሣና «አባባ፣ ተቃጠሉ እንዴ?» አለኝ። ያቃጠለኝ ሻዩ አልነበረም። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ አዳማ ላይ ያ እጅ የኔ እጅ፣ ያ ግንባርም የኔ ግንባር ነበር። ከዚያም የባሰ ድምፅ በዚያው ዘመን ሰምቻለሁ። እስከዛሬ ለልጆቼ ያላወራሁትም እሱን ነው።

ያኔ ከተማው አዳማ ብቻ ነበር፤ ናዝሬት የሚለው ስም የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከተማ ስል ዛሬ የምናየውን እንዳታስቡ። ባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት በረድፍ የቆሙ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ የዓረቦች ሱቅ፣ የቆዳ ነጋዴዎች መጋዘን፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ አውሎ ነፋስ ከሜዳው ተነሥቶ እንደ ዓምድ እየተሽከረከረ መንደሩን ሲያቋርጥ፣ የተሰጣ ልብስ ይዞ ሄዶ ሌላ ሰው ግቢ ይጥለው ነበር። የኔ ቢጤው የጣቢያ ሠራተኛ ካኪ ሱሪ፣ ጉልበት ድረስ የሚጠቀለል የእግር መጠምጠሚያና ሰፊ ባርኔጣ ካደረገ እንደ መኳንንት ይታያል። በአንድ ጠገራ ብር የሰባ በግ ተገዝቶ መልስ ይመጣል፤ ዶሮ የብር ስምንተኛ በሆነችው በተሙን፣ እንቁላል እፍኝ ሙሉ ከዚያም ባነሰችው በመሐለቅ። ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ተረት የማወራ ይመስላቸዋል። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ጥቂት ዓመታት መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። የንጉሡን ነገር ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያወራ ነበር፤ እኛ የምናወራው ግን ባቡሩ ዛሬ ስንት ሰዓት ዘገየ የሚለውን ነው።

ሥራዬ ቲኬት መሸጥ ነበር። ሚሲዮን ተምሬ ፈረንሳይኛ ትንሽ ትንሽ ስለምሞክር ገና በሃያ ሁለት ዓመቴ መስኮት ላይ አስቀመጡኝ። ከጣቢያው ማዶ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ትንሽ ሆቴል ነበረው፤ አራት አልጋ፣ አንድ አዳራሽ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ዋርካ። እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ዋርካው ሥር ጠረጴዛ ያወጣል፤ በእጅ የሚጠመዘዘውን የሸክላ ማጫወቻ ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ የአገሩን ዘፈን ይከፍታል። ከዘፈኑ አንድ ቃል አላውቅም፣ ዜማው ግን ዛሬም ሳላስበው በአፌ ይመጣል። ፖከር ያስተማረን እሱ ነው። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፤ ያልፈለግኸውን ጥለህ ትቀይራለህ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ የፊት ነው። ባዶ እጁን ይዞ እንደ ጌታ የሚያይህ አለ፤ ሦስት ንጉሥ ይዞ እንደ ለማኝ የሚያቀረቅር አለ።

ተጫዋቾቹ አራት ነን። ሙሴ ያኒ፣ እኔ፣ ከዝዋይ ወገን ከብትና ማር እያመጣ የሚሸጠው ኦቦ ጡፋ፣ አራተኛው የቆዳ ነጋዴው አቶ ግዛቸው። የምናስይዘው ሽምብራ ነበር። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ስኒ ሽምብራ ይታደለናል፤ በመጨረሻ ያነሰው ሰው ለሚቀጥለው እሁድ አንድ ዶሮ ያመጣል፣ የሙሴ ያኒ ወጥ ቤት ይሠራዋል፣ ሁላችንም እንበላዋለን። እንግዲህ ለዚህ ነው እኔ ግንባሬን የምደበድበው! በሽምብራ! የያዝኩትን ጥዬ፣ ባልጥለው ኖሮ አሸንፍ እንደነበር ኋላ ባወቅሁ ጊዜ ጥርሴን አፋጫለሁ፤ መዳፌን እነክሳለሁ፤ «ታደሰ፣ አንተ ደንቆሮ!» እያልኩ ግንባሬን በጡጫ እላለሁ። ሙሴ ያኒ በተሰባበረ አማርኛው «ታደሰ፣ ጭንቅላት የኔ ጠረጴዛ አይደለም፣ ቀስ!» ይለኛል። ኦቦ ጡፋ ይስቃል። አቶ ግዛቸው ብቻ አይስቅም። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ «ያ ካርታ አልፏል፣ ልጄ። የሚመጣውን ተመልከት» ይለኛል በለሰለሰ ድምፅ።

ሳምንቱንም አይለቀኝም። ሰኞ መስኮቴ ላይ ቆሜ የእሁዱን ካርታ መልሼ እጫወታለሁ። «ለምን ጣልከው? ማን ነካህ? እንዳንተ ያለ በግ!» እላለሁ ጮክ ብዬ፣ ሳይታወቀኝ። አንድ ቀን ወደ ሞጆ የሚሄዱ አሮጊት የዘረጉትን ገንዘብ መልሰው ሰበሰቡና «ልጄ፣ ምን በደልኩህ? በግ ያልከው እኔን ነው?» አሉኝ። ሰማይ ተደፋብኝ። «እርስዎን አይደለም እናቴ፣ ራሴን ነው» ብላቸው ይበልጥ ደነገጡ፤ ቲኬታቸውን ይዘው እያማተቡ ሄዱ። እኔ ደግሞ እሳቸውን ስላስደነገጥኩ ራሴን መስደብ ጀመርኩ። እንዲህ ነበርኩ። መጨረሻ የሌለው ማጥ ነው፤ አንዱን እግርህን ስታወጣ ሌላው ይገባል።

በዚያ ሁሉ ውስጥ የምመኘው አቶ ግዛቸውን መሆን ነበር። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረጅም፣ ጠይም፣ በርኖሱ ሁልጊዜ የተቦረሸ። ቢያሸንፍ ፊቱ ያው፣ ቢሸነፍ ፊቱ ያው። ሲሸነፍ «ጎበዝ!» ብሎ ያሸነፈውን ሰው እጅ ይጨብጣል። ያ ሰው ከምን ተሠራ እያልኩ እቀናበት ነበር። ራሴን ስሰድብ እንኳ «እንደ አቶ ግዛቸው መሆን ያቃተህ!» ነበር የምለው።

አንድ እሁድ ትልቅ ጨዋታ መጣ። እኔና ኦቦ ጡፋ ካርታችንን ጥለን ወጣን፤ አቶ ግዛቸውና ሙሴ ያኒ ቀሩ። ሙሴ ያኒ ሽምብራውን በሙሉ በመዳፉ ገፍቶ መሐል አስገባ። አቶ ግዛቸው ካርታውን አየ፣ የግሪኩን ፊት አየ፣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ካርታውን ገልብጦ አስቀመጠና «ይሁንልህ» አለ። ሙሴ ያኒ እጁን ገለጠ፤ ባዶ ነው! አንድም ጥንድ የለበትም። ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ኦቦ ጡፋ የአቶ ግዛቸውን ካርታ ቢገለብጠው ሦስት ንጉሥ። እኔ በሱ ፋንታ ግንባሬን ልመታ እጄን ሁሉ አነሣሁ። አቶ ግዛቸው ግን ፈገግ አለ፣ «ጎበዝ!» ብሎ የሙሴ ያኒን እጅ ጨበጠ፣ ቤት ጉዳይ አለብኝ ብሎ ሄደ። ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ ረስቶት ነበር።

ባርኔጣውን ይዤ ተከተልኩት። ቤቱ ከቆዳ መጋዘኖቹ ጀርባ ነው፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ቦሰት ተራራ በብርሃኗ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሩ ገርበብ ብሏል። «ቤቶች!» ልል አፌን ስከፍት ከግቢው ጥግ፣ ከበቅሎዋ በረት፣ ድምፅ ሰማሁ። ጅራፍ ነው። ከጅራፉ በኋላ የሰው ድምፅ፣ ዝቅ ያለ፣ እያፏጨ የሚወጣ፦

«ንጉሥ ይዘህ ትሸሻለህ? ፈሪ! ከሰው ተቆጥረህ ከሰው ጠረጴዛ ትቀርባለህ አንተ? ሥጋ በልተህ ያደግኸው ለዚህ ነው?»

ደግሞ ጅራፉ። ሠራተኛውን የሚገርፍ ሰው መሰለኝ። አቶ ግዛቸው በበረቱ ደጃፍ እንዲህ ያለ ጨካኝ እንዲገባ እንዴት ይፈቅዳል ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ድምፁ የሱ አልመሰለኝም። ባርኔጣውን ጥዬ እየሮጥኩ፣ «ኧረ ስለ እግዚአብሔር! ይተዉት!» እያልኩ ገባሁ።

በረቱ ውስጥ የሚገረፍ ሰው አልነበረም። በቅሎዋ ጭድ ታላምጣለች። አቶ ግዛቸው ከወገቡ በላይ ራቁቱን ቆሟል፤ ጅራፉ በእጁ ነው፣ ጫፉ በትከሻው ላይ ተሻግሮ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሏል። ጀርባውን አየሁት። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተደራርቦ እንደ ታረሰ መሬት ሆኗል። ደርቄ ቀረሁ። ያ ገጽታ፣ ያ ጨዋ፣ ያ «ያ ካርታ አልፏል፣ ልጄ» የሚለኝ ሰው! የበረቱን ምሰሶ ይዤ ቆምኩ።

«ማን ጠራህ?» አለኝ መጀመሪያ በቁጣ። ወዲያው ግን ቁጣው ከፊቱ ረገፈና ጋቢውን አንሥቶ ተከናነበ። ኮርቻው ላይ ቁጭ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«አባቴ ከሞተ ጀምሮ» አለ። «እሱ እያለ እሱ ነበር የሚገርፈኝ። ሲሞት ወንድሞቼ መሬቱን ወረሱ፤ እኔ ድምፁን ወረስኩ። ቆዳ ሲበላሽብኝ፣ ቃል ሲያመልጠኝ፣ ከሰው ፊት ስሳሳት ይጠራኛል። ካልመጣሁለት እንቅልፍ አይሰጠኝም።»

«ታዲያ ለምን ካርታ ይጫወታሉ? ከሚያሳብድዎ ነገር መራቅ አይሻልም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «በሽምብራ ነዋ!» አለ። «በሽምብራ መሸነፍን ብለምድ፣ ሌላውን መሸነፍ ቀስ እያልኩ እለምደዋለሁ ብዬ ነበር። አራት ዓመቴ ነው። ይኸው፣ ሽምብራም አቃተኝ።»

እግሩን ልስም ወይ ጮኼ ልሩጥ አላወቅሁም። ወጥቼ በሩ ጋ ስደርስ ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ የጣልኩትን ባርኔጣ አንሥታ አቧራውን ታራግፋለች። «አየህ?» አለችኝ። «አየሁ» አልኳት። «እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። ብናገር ያፍራል፣ ዝም ብል ይገረፋል።» ከዚያ ያለችኝን እስክሞት አልረሳውም። «ባንተ እንደሚቀና ታውቃለህ? ‹ያ የቲኬት ልጅ የታደለ ነው፤ ግንባሩን ከሰው ፊት ይመታል፣ ይጮሃል፣ ይወጣለታል። እኔ ምነው እንደሱ በሆንኩ› ይለኛል።»

በሱ እቀናለሁ፤ ለካ እሱም በኔ ይቀናል። በዚያች ቀን እንደዚያ ነገር ያስደነገጠኝ የለም፤ ጀርባው እንኳ። ሁለታችንም አንዳችን የሌላችንን ሕመም ጤና ነው ብለን ስንመኝ ከርመናል።

ሳምንቱን እንደ ድውይ ሰነበትኩ። መስኮቴ ላይ እጄ ተሳስቶ ማኅተሙን ቢያጣምም፣ ስድቤ እንደ ልማዱ አፌ ድረስ ይመጣና ጅራፉ በጆሮዬ ይጮሃል፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የሱ ጅራፍ የቆዳ ነው፣ የኔ ደግሞ የምላስ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሐሙስ የገበያ ቀን ኦቦ ጡፋን የማር እንስራዎቹ መሐል አገኘሁትና ምስጢሩን ሳላወጣ ጠየቅሁት።

«ኦቦ ጡፋ፣ እርስዎ ሲሸነፉ ለራስዎ ምን ይሉታል?»

«ለራሴ?» አለ ግራ ተጋብቶ። «ለራሴ ምን እለዋለሁ? ጎረቤት አለ፣ ሚስት አለች፣ ዳኛ አለ፤ እነሱ የሚሉኝ አይበቃም?» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ማር የነካ እጁን በሣር ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ የምትጠይቀኝ ስለ ግዛቸው ነው።»

ደነገጥኩ። «ማን ነገረዎ?»

«ዓምና ዝዋይ ወርደን ሐይቁ ላይ ስንታጠብ ጀርባውን አየሁት። ሙሴ ያኒም አይቷል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ሰው ጀርባውን ሲሸፍን ልብሱን ገልጠህ ትጠይቀዋለህ?» አለኝ። አንድ ጠረጴዛ ላይ አራት ሰዎች፤ አንዱ ይደማል፣ ሦስቱ ያውቃሉ፣ አራቱም ስለ ሽምብራ ያወራሉ። አንገቴን ደፋሁ። ኦቦ ጡፋ ግን ነገሩን እንደ ሽማግሌ እያብላላው ነበር። «በኛ አገር ሰው ሲያጠፋ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከሳሹ ይናገራል፣ ጠበቃው ይመልሳል፣ ሽማግሌ ይፈርዳል። ግዛቸው ከሳሽም እሱ፣ ዳኛም እሱ፣ ገራፊም እሱ። ይሄ ሸንጎ አይደለም፣ ሽፍትነት ነው። የጎደለው ጠበቃ ነው።»

የሚቀጥለው እሁድ ካለፈ በኋላ ይህን ቃል ይዤ አቶ ግዛቸው ቤት ሄድኩ። በዚያ እሁድ ለጨዋታ ሳይመጣ ቀርቶ ነበር፤ ፊቴን ማየት አፍሯል። ስለ ጀርባው አንድም ቃል አልተነፈስኩም። «አቶ ግዛቸው፣ ችግር ላይ ነኝ» አልኩት። «ራሴን ከስሼ ከስሼ ልሞት ነው። ጠበቃ ይሁኑኝ።» «ጠበቃ?» አለ። «አዎ፣ ጠበቃ። እሁድ፣ ከዋርካው ሥር።»

መጣ። የዛሬ ልጆች የዚያን ዘመን ሙግት አላያችሁም፤ በየመንገዱ ዳር ሁለት ሰዎች ነጠላቸውን አደግድገው፣ ዱላ እየወዘወዙ፣ «ተጠየቅ!» «በላ ልበልሃ!» እየተባባሉ በግጥም ሲሟገቱ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል፤ ከመሐሉ አንዱን ዳኛ አድርገው ይመርጡታል። እኛም እንደዚያ አደረግን። ኦቦ ጡፋ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። እንደ ልማዴ ሦስተኛው ዙር ላይ ጥሩ ካርታ ጥዬ ተሸነፍኩ። እጄ ወደ ግንባሬ ሲሄድ ኦቦ ጡፋ «ቁም!» አለኝ። «በአፍህ ክሰስ።» ተነሥቼ ራሴን ከሰስኩ፤ ደንቆሮ ነው፣ በግ ነው፣ እናቱ በከንቱ አሳደገችው አልኩ። ሰው ፊት ሲነገር አስደንጋጭ ነው፤ የገዛ ጆሮዬ አፈረ።

አቶ ግዛቸው ተነሣ። ነጠላውን አደገደገ። መቼም ያ ዝምተኛ ሰው እንዲህ ያለ አፍ ይኖረዋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

«ተጠየቅ፣ ከሳሽ!» አለኝ። «የተዘጋ ካርታ ታያለህ?»

«አላይም።»

«በሙሴ ያኒ ልብ ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ይህ ልጅ የበደለው በደል እግዚአብሔር አለመሆኑ ነው! ለዚህ የሚቀጣ ሕግ ካለ ይነበብልኝ!»

ሙሴ ያኒ አጨበጨበ። ኦቦ ጡፋ «ልጁ ነፃ ነው» ብሎ ፈረደ። እኔ ስስቅ ዕንባዬ መጣ፤ በዕድሜዬ አንድ ሰው ለኔ ቆሞ ሲከራከርልኝ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ለካ ይህን ያህል ርቦኝ ኖሯል።

ከጥቂት ዙር በኋላ አቶ ግዛቸው ተሸነፈ፤ ከባድ ሽንፈት አልነበረም። «ጎበዝ!» ሊል እጁን ሲዘረጋ ሙሴ ያኒ አልጨበጠውም። «አይ» አለ ግሪኩ፣ ሳይስቅ። «ጎበዝ አይደለም ዛሬ። ክሰስ።» ሸክላው አልቆ መርፌው ብቻ ይንጫጫል፤ የሚያነሣው አልተገኘም። አቶ ግዛቸው ተነሥቶ ቆመ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። «አንተ ፈሪ...» ብሎ ጀመረ፤ «ከሰው ተቆጥረህ...» አለና አቋረጠ። እኛን አንድ በአንድ አየን። ለሽምብራ ነው። ለሽምብራ እንደሆነ ያን ቀን ገና ያየው ይመስለኛል። «ቃሉ አልወጣ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «በረቱ ውስጥ ትልቅ ነበር። እዚህ ሰው መሐል ሲወጣ ያንሳል።»

ጠበቃው እኔ ነበርኩ፤ የተዘጋጀሁበትን ሁሉ ረሳሁት። «ጌቶቼ፣ ይህ ሰው ለሌላው ጥፋት ሁሉ ምሕረት ያውቃል፤ ለኔ ያደረገውን ለሱም አድርጉለት» ብቻ አልኩ። ኦቦ ጡፋ ፍርድ አልሰጠም። ተነሥቶ በሁለት እጁ አቀፈው፤ ጀርባውን ሳይነካ፣ ተጠንቅቆ፣ በትከሻና በትከሻ። አቶ ግዛቸው ያኔ ገባው፤ ሁላችንም እንደምናውቅ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ትልቅ ሰው፣ ያውም በርኖስ የለበሰ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁ። ማየት አስፈርቶኝ ዋርካው ላይ ያሉትን ወፎች ስቆጥር ቆየሁ።

በአንድ ቀን ዳነ ብዬ አልዋሽም። ወር ሳይሞላ አንድ ጭነት ቆዳ በዝናብ ተበላሽቶበት ወደ በረቱ ገባ። ግን ወይዘሮ አስካለ እየሮጠች ጣቢያ መጣችና «ታደሰ፣ ጠበቃውን ጥሩልኝ ብሏል» አለችኝ። መስኮቱን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ሄድኩ። ጅራፉን ይዞ ቆሟል፣ ግን አልመታም። ከበቅሎዋ አጠገብ ቁጭ ብለን ክሱን ነገረኝ፣ እኔም ተሟገትኩለት፤ ዝናብን ማን አዘዘው አልኩ፣ ሰማይ በማን ትእዛዝ ይደምናል አልኩ። አንዳንዴ ያሸንፈኝ ነበር፤ ያን ጊዜ በነጋታው ይግባኝ ብዬ እመለሳለሁ። እኔም የራሴን ክስ ይዤ ስንት ጊዜ በሩን እንዳንኳኳሁ! ስድቤ ጨርሶ አልጠፋም፤ ዛሬም መነጽሬን ስረሳ ይመጣል። ግን የሚናገረው ብቻውን መሆኑ ቀረ፤ ቀጥሎ ሌላ ድምፅ «ተጠየቅ!» ይለዋል።

በኋላ አቶ ግዛቸው ንግዱን ወደ ቡልቡላ አዛወረ፤ ከብቱም ቆዳውም እዚያ ይረክሳል ብሎ። ሁለት ዓመት ሳላየው ቆይቼ ፈቃድ ሲሰጠኝ በበቅሎ ወረድኩ፤ መቂን ተሻግሬ፣ ዝዋይን በግራ ትቼ፣ በአራተኛው ቀን ደረስኩ። በሩቁ አብያታ ሐይቅ ላይ ወፎቹ ውኃውን ሐምራዊ አልብሰውት ነበር፤ ያን ለማየት እንኳ አልቆምኩም፣ ናፍቆት ነዳኝ። ግቢው ስገባ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። ሴት ልጁ ብርቄ፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ለማጠብ ያወጣችውን፣ ለእንግዳ ብቻ የሚቀርበውን የብርጭቆ ብርሌ፣ ያኔ ከቡልቡላ እስከ አዳማ ቢፈለግ የማይገኘውን፣ ከደረጃው ላይ ጥላዋለች። ልጅቱ ደርቃ ቆመች። ከዚያ በትንሿ እጇ የገዛ ጉንጯን መታች፤ አንዴ፣ ሁለቴ። «እኔ ርጉም!» አለች።

ከበቅሎዬ ሳልወርድ ቀረሁ። ያ ድምፅ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደዚች ልጅ ወርዶ ደርሷል ማለት ነው። አቶ ግዛቸው ከቤት ወጣ። ስብርባሪውን አየ፣ የልጁን ቀይ ጉንጭ አየ፤ ፊቱ ላይ የድሮው አመድ ብልጭ አለና ጠፋ። ወርዶ ከስብርባሪው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ብርቄ፣ ከሳሽሽ ማን ነው?» አላት።

«እኔ» አለች እያነባች።

«ዳኛሽስ?»

«እኔ።»

«የመታሽስ ማን ነው?»

ልጅቱ እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ይህ ፍርድ አይጸናም» አለና ተነሣ። ጋቢውን አደገደገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስለ ዝንጉ እጅ፣ ስለሚያንሸራትት ብርጭቆ፣ ስለ ብርሌ ሟችነት ተሟገተላት። ልጅቱ መጀመሪያ ፈራች፣ ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ሲጨርስ ጉንጯን ጠርጋ ጠየቀችው፦

«አባባ፣ የአንተስ ጠበቃ ማን ነው?»

አቶ ግዛቸው ገና ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከበቅሎ ላይ፣ አቧራ ለብሼ፣ ዕንባዬን በባርኔጣዬ ስሸፍን። «ያውልሽ» አላት። «ከአዳማ ድረስ መጣ። ሂጂ ልጓሙን ያዥለት።»